ሾርባ የታማሚ ምግብ አይደለም

«ዛሬ ሾርባ ሠርቼ በላሁ» ስላት እናቴ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «አሞሃል እንዴ ልጄ?» ብላ ነው። ደህና መሆኔን ምዬ ካሳመንኳት በኋላ «ታዲያ ማን ሠራልህ?» አለችኝ። የመጀመሪያው ጥያቄ አልገረመኝም። እኛ ቤት ሾርባ የሚሠራው ጉንፋን ለያዘው ሰው፣ አጃ የሚፈላውም ለአራስ ነበር። ሁለተኛው ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ። ፍራንክፈርት ውስጥ ብቻዬን እንደምኖር እናቴ አሳምራ ታውቃለች። ወንድ ልጇ ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ ከትፎ፣ ራሱ አብስሎ ይበላል የሚለው ሐሳብ ግን በልቧ አልገባም።

እዚህ አገር ስመጣ ከሥራ መልስ የምበላው መንገድ ላይ የሚሸጠውን ዶነር የሚባል በዳቦ የተጠቀለለ ሥጋ ወይም ደረቅ ዳቦ ነበር። ሱፐርማርኬት መግባት ያስጨንቀኝ ነበር። ያስጨነቀኝ ቋንቋው ብቻ አልነበረም፤ ዝምታው ጭምር እንጂ። አገር ቤት ጉልት ላይ ቲማቲም በመደብ ተደርድሮ፣ ሻጯ «ና ልጄ፣ ዛሬ የገባ ነው» ብላ ጠርታ፣ እናቴ ተከራክራ፣ በመጨረሻም ምራቂ ተጨምሮ ነው ግዢው የሚያልቀው። እዚህ ማንም ማንንም አያናግርም። ሒሳብ ተቀባይዋ ዕቃውን በፍጥነት እያሳለፈች ትገፋዋለች፤ ከኋላ ያለው ሰው ቶሎ ሰብስበህ እንድትሄድ ቆሞ ይጠብቃል።

ነገሩን የለወጠልኝ አንድ እስር አትክልት ነው። ጀርመኖች «ዙፐንግሩን» ይሉታል፤ በየሱፐርማርኬቱ ይገኛል። ሁለት ሦስት ካሮት፣ አንድ ቁራጭ የሰላሪ ሥር፣ አንድ ባሮ ሽንኩርትና ጥቂት ፐርሰሜሎ በላስቲክ ታስረው ይሸጣሉ። የሰላሪው ሥር መልኩ አያምርም፤ ሻካራ ነው፣ ጎድጓዳው ሁሉ አፈር ይዟል። ቢላዋ ሲያርፍበት ግን ውስጡ ነጭ ነው፣ ሽታው ክፍሉን ይሞላዋል። ለአንድ ድስት የሚበቃው ሁሉ ተመጥኖ የታሰረ በመሆኑ ምን ልግዛ፣ ስንት ልግዛ ብሎ መጨነቅ አይኖርም። ለብቻው ለሚኖር ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ገበያውን ማየት ጀመርኩ። ከዋናው ዋጋ ሥር በደቃቅ ፊደል የኪሎው ወይም የሊትሩ ዋጋ ይጻፋል፤ ይህ በሕግ የታዘዘ ነው። እሱን ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ ገንዘቤ በረከት አገኘ። እሑድ ሱቆች ስለሚዘጉና ከትልልቅ ባቡር ጣቢያዎችና ከጥቂት ሌሎች ቦታዎች በቀር የሚሸጥ ስለማይገኝ የሳምንቱን አስቤዛ ቅዳሜ እገዛለሁ። ስወጣ ባዶ ጠርሙሶቼን እይዛለሁ። እያንዳንዱ ተጠቅመው የሚጥሉት የፕላስቲክ ጠርሙስ 25 ሳንቲም ማስያዣ አለው፤ ጠርሙሱን የሚቀበለው ማሽን ቆጥሮ በሚሰጠኝ ወረቀት ሽንኩርቱና ድንቹ ይገዛል።

ጊዜ ሲኖረኝ ክላይንማርክትሃለ ወደሚባለው የከተማው መሐል የገበያ አዳራሽ እሄዳለሁ። የቀድሞው አዳራሽ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ከወደመ በኋላ የአሁኑ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። በጸደይ ወራት ሰባት ዓይነት ቅጠል በወረቀት ተጠቅልሎ ይሸጥበታል። የከተማው ሰው የሚኮራበትን አረንጓዴ ስልስ የሚሠራው በእነዚህ ቅጠሎች ነው፤ ከተቀቀለ እንቁላልና ከድንች ጋር ይበላል። ዋጋው ከሱፐርማርኬት ይወደዳል፤ ነገር ግን ሻጮቹ ያናግራሉ፣ ያስቀምሳሉ። የዘወትር አትክልቴን የምገዛው ግን ከሰፈራችን ቱርካዊ ነጋዴ ነው። አንድ ቅዳሜ ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ጠራኝና አንድ እፍኝ ፐርሰሜሎ ከረጢቴ ውስጥ ጨመረልኝ። ምራቂ ነበር! ያን ቀን መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ሾርባው እንዲህ ነው። ባሮ ሽንኩርቱ በቅጠሎቹ መሐል አፈር ስለሚይዝ ለሁለት ሰንጥቄ አጥበዋለሁ፤ የሰላሪውን ልጣጭ ወፈር አድርጌ አነሳለሁ። አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት በዘይት አቁላልቼ ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ እርድ እጨምራለሁ። ከዚያ የተከተፈው አትክልት፣ ሁለት ድንች፣ 200 ግራም የታጠበ ቀይ የምስር ክክና አንድ ሊትር ተኩል ውሃ ይገባል። በመካከለኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ጨው የማደርገው ምስሩ ከፈረሰ በኋላ ነው። ጀርመኖች የምስር ሾርባቸው ላይ አቼቶ ጠብ ያደርጋሉ፤ እኔ ሎሚ እመርጣለሁ። ሥጋም ቅቤም ስለሌለው ለረቡዕና ለዓርብ ይሆናል። የተረፈው ማቀዝቀዣ ውስጥ ያድራል፤ በማግስቱ እንዲያውም ይጣፍጣል።

ይህን ሳወራ «ሴት ሆንክ እኮ» የሚሉኝ ጓደኞች አሉ። «ለዚህ ነው የተሰደድከው?» ያለኝም ዘመድ አለ። አዎ፣ ለዚህም ነው። አገሬን እወዳለሁ፤ የእናቴ ወጥ ትዝ ሲለኝ ሆዴ ይባባል። ነገር ግን አገር ቤት ያለ ወንድ ልጅ የሚበላው ነገር ስንት እንደተገዛ፣ ማን ስንት ሰዓት እሳት ዳር ቆሞ እንዳበሰለው ሳያውቅ ያድጋል። እኔ ዘንቢል ተሸክሜያለሁ እንጂ ዋጋ ጠይቄ አላውቅም ነበር። እህቶቼ ከትምህርት ቤት መልስ ማጀት ሲገቡ እኔ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። «ባለሙያ» የሚባለው ምስጋና ለእነሱ ብቻ የተተወው ሥራው ለእነሱ ብቻ ስለተተወ ነው። ይህ ባህል ነው ተብሎ ሊከበር አይገባም፤ ሴቶቹን ያደክማል፣ ወንዶቹንም ራሳቸውን መመገብ የማይችሉ ያደርጋል።

እዚህ ከተማ ውስጥ ከሥራ ደክመው ገብተው በቀዝቃዛ ዳቦ የሚያድሩ ብዙ ወንድሞች አሉኝ። የቸገራቸው ገንዘብ አይደለም፤ የአንድ እስር አትክልት ዋጋ ከአንድ ዶነር ያንሳል። የሚያስተምራቸው ሰው ስላልነበረ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁን ወደ ውጭ ለመላክ የምታስቡ ወላጆች አንድ ነገር ልለምናችሁ። በርበሬውንና ሽሮውን ሻንጣው ውስጥ ክተቱለት፤ እሰዬው ነው። ከመሄዱ በፊት ግን ገበያ ውሰዱት፣ ራሱ ይምረጥ፣ ራሱ ይክፈል፤ ማጀትም አስገቡትና ሽንኩርት ማቁላላት አስተምሩት። በርበሬው በጥቂት ወራት ውስጥ ያልቃል፤ ሙያው ግን ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል።