«ልኬዋለሁ» ሲባል የት ደረሰ ማለት ነው?

ሰሞኑን አንድ የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ይሄ በሬዲዮ የሚላከው ኢሜይል ቃላቱ አዞሩብኝ፤ ጌትዌይ፣ አር ኤም ኤስ፣ ሲ ኤም ኤስ… በአማርኛ ይንገሩኝ እስቲ» ብሎ ጻፈልኝ። ለእሱ ብቻ ከምመልስ እዚህ ልጻፈው አልኩ።

ለማታውቁት፣ ዊንሊንክ የሚባል ነገር አለ። ፈቃድ ያላቸው የአማተር ሬዲዮ ሰዎች ኢንተርኔትም ስልክም በሌለበት ሆነው በሬዲዮ ሞገድ ኢሜይል ይላላኩበታል። ውቅያኖስ የሚያቋርጡ ጀልበኞች ይወዱታል። አደጋ ሲመጣ ደግሞ ያኔ ነው ዋጋው የሚታወቀው። በ2017 እ.ኤ.አ. ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ መብራቱም ኔትወርኩም ድርግም አለ። ቀይ መስቀል የተረፉትን ሰዎች ስም ለቤተሰብ ለማድረስ ሬዲዮ የሚችሉ በጎ ፈቃደኞች የጠየቀው በዚያ ጊዜ ነው።

አሁን ወደ ቃላቱ። እኛ አገር ፖስታ ቤት ደጅ አንኳኩቶ ደብዳቤ አይሰጥም አይደል? ፖስታ ሳጥን ቁጥር አለህ፣ ሄደህ ከፍተህ ታያለህ። ዊንሊንክም ልክ እንደዚያ ነው። ሲ ኤም ኤስ ዋናው ፖስታ ቤት ነው፣ ኢንተርኔት ላይ የተቀመጠ ሰርቨር። አር ኤም ኤስ ወይም ጌትዌይ የሚባለው ደግሞ ቅርንጫፉ ነው፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ ቤቱ ውስጥ ሬዲዮና ኮምፒውተር አያይዞ የከፈተው ጣቢያ። የሳጥን ቁጥርህ የጥሪ ምልክትህ ነው። የኢትዮጵያ ጥሪዎች በኢቲ ይጀምራሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያለው የክለብ ጣቢያ ለምሳሌ ኢቲ ስሪ ኤ ኤ ይባላል። ደብዳቤ መጣልህም አልመጣልህም፣ ሬዲዮህን ከፍተህ ከቅርንጫፉ ጋር እስክትገናኝ ድረስ ምንም አይነግርህም። ስልክህ ላይ እንደለመድከው «ቲንግ» የሚል ነገር የለም።

ፓክተር፣ ቫራ፣ አርዶፕ የሚሏቸው ደግሞ ማጓጓዣዎቹ ናቸው። ፓክተር የጀርመን ሞደም ይፈልጋል፣ ዋጋው ያስደነግጣል። ቫራ ኮምፒውተር ላይ የሚጫን ሶፍትዌር ነው። እዚህ ላይ ብዙ አታስቡ።

ሰው የሚያስጨንቀው ሌላ ቃል ነው። ፕሮግራሙ ላይ መልእክት ጽፈህ ስትጨርስ የምትጫነው ቁልፍ «ፖስት» ይላል። ፌስቡክ ላይ ፖስት ማድረግ ማለት በቃ ዓለም አየው ማለት ነው። እዚያ ግን የራስህ ኮምፒውተር ላይ ያለ የወጪ ሳጥን ውስጥ አስገባኸው ማለት ብቻ ነው። መልእክቱ ገና ክፍሉን አልለቀቀም! ከዚያ በኋላ ሴሽን መክፈት፣ ፍሪኩዌንሲ መምረጥ፣ ጣቢያውን መጥራት አለ። ይባስ ብሎ መልእክቱን ስትጽፍ «ፒር ቱ ፒር» የሚለውን መርጠህ ከሆነ፣ ማለትም ያለ ፖስታ ቤት በቀጥታ ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ የሚሄደውን፣ ከጌትዌይ ጋር ብትገናኝም አይወጣም። ሳጥኑ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አስተባባሪ መጥቶ «የመድኃኒቱ ጥያቄ ሄደ?» ሲልህ «አዎ ልኬዋለሁ» ብትለው እንግዲህ ምን ማለትህ ነው?

እኔ ለልምምድ የሚመጡትን ሦስት የአማርኛ ቃል ብቻ እንዲጠቀሙ አደርጋለሁ፦ ጽፌዋለሁ፣ ወጥቷል፣ መልስ መጥቷል። «ልኬዋለሁ» ክልክል ነው። ይስቁብኛል፣ ግን እኮ ይሠራል።

አንድ ደግሞ ልጨምር። «ኢሜይል» የሚለው ስም ራሱ ያሳስታል፤ ሰው የግል ነገር ይመስለዋል። በአሜሪካ ሕግ አማተር ሬዲዮ ላይ ትርጉሙን ለመደበቅ የተመሰጠረ መልእክት መላክ አይፈቀድም። የዊንሊንክ መልእክትንም ሌሎች ባለፈቃዶች ከፍተው ማንበብ የሚችሉበት መንገድ አለ። ስለዚህ የታማሚን ስም ከነበሽታው ጽፎ መስደድ ደስ አይለኝም። እኔ ብሆን «ፖስት ካርድ» እለው ነበር፣ ፖስተኛው ሁሉ የሚያነበው።

ለጌትዌይ ግን እስካሁን የሚያረካኝ አማርኛ አጣሁ። «መተላለፊያ በር» ረዘመብኝ፣ «ቅርንጫፍ» ደግሞ ባንክ ባንክ ይላል። ያላችሁ ኮሜንት ላይ ጣሉልኝ።

ሰባ ሦስት! (በሬዲዮ ሰዎች ቋንቋ፣ መልካም ምኞቴ ይድረሳችሁ።)