የአክስቴ እግርና ሜትሩ

የእናቴ ታናሽ እህት ዝሆኔ አለባቸው። ይህኛው ዝሆኔ ትንኝ የሚያመጣው አይደለም፤ ቀዩ አፈር በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሚያመጣው ነው። አክስቴ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን ያንን አፈር ሲረግጡ የኖሩ የጎጃም ገበሬ ናቸው። እኛ ቤት ግን የበሽታው ስም ተጠርቶ አያውቅም። ሰው ሲጠይቅ ‹‹ምች መታቸው›› እንላለን።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ክሊኒክ ይዣቸው ሄድሁ። ባለሙያው በልብስ ሰፊ ሜትር ቁርጭምጭሚታቸውንና ባታቸውን ለክቶ ካርዱ ላይ ጻፈ። በሳሙናና በረኪና ጠብ በተደረገበት ውኃ እየታጠቡ፣ ቅባት እየተቀቡ፣ ፋሻ እየጠመጠሙ፣ ጫማ እያደረጉ እንዲቆዩ መከራቸው። በዓመቱ ተመለስን። ያው ሜትር ወጣ፤ ያው እግር ተለካ። ‹‹ያን ያህል ለውጥ የለውም›› አለ ባለሙያው።

አክስቴ ቱግ አሉ። ‹‹እንዴት የለውም ልጄ? አምና በየአሥራ አምስት ቀኑ እያንቀጠቀጠ ይጥለኝ አልነበር? ዘንድሮ ከፋሲካ ወዲህ ሁለቴ ብቻ ነው። ለሰው እንዳይሸት ብዬ የተውሁትን ማኅበር እንኳ ተመልሼበታለሁ!››

ባለሙያው ፈገግ አለ እንጂ አልጻፈውም። ካርዱ ላይ ቦታ የለውማ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ተማሪዎቼን የምነዘንዘው አንድ ነገር ነበር፤ ተራኪው ያለውን ብቻ ሳይሆን የዘለለውንም ጠይቁ እላቸዋለሁ። የሕክምና ካርድም ተራኪ መሆኑ የገባኝ ያን ዕለት ነው።

ለካስ ተመራማሪዎቹም በዚሁ ሲጨነቁ ኖረዋል። የቆዳ በሽታ ሕክምና ሠራ የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ቁስሉ ሲጠብ? ማሳከኩ ሲቀር? ወይስ ሰውየው ሰው መሐል ሲገባ? ሁሉም የየራሱን ከለካ የአንዱ ጥናት ከሌላው ጋር አይነጻጸርም። የችፌ ተመራማሪዎች ከሕመምተኞች ጋር ጭምር መክረው፣ የሕክምና ሙከራዎች አራት ነገር እንዲለኩ የተስማሙት ለዚህ ነው፦ ሐኪም የሚያየውን ምልክት፣ ሕመምተኛው የሚሰማውን፣ የኑሮውን ሁኔታና በሽታው ለረዥም ጊዜ መገታቱን።

በእኛም አገር ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 የዝሆኔ ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ዋና መለኪያው የእግር ውፍረት አልነበረም፤ አልጋ ላይ የሚጥለው ሕመም በዓመት ስንት ጊዜ ይነሳል የሚል ነው። እንክብካቤውን ወዲያው ባገኙት ላይ በሰው 19.4 ጊዜ፣ ተራ በሚጠብቁት ላይ 23.9 ጊዜ ሆኖ ተገኘ። የአክስቴ መለኪያ እኮ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1994 ካርዲፍ ላይ የተዘጋጀ ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅም አለ። በአማርኛ ተተርጉሞ በደቡብ ኢትዮጵያ የዝሆኔ ሕመምተኞች ላይ ተፈትሿል። ስለ ሕመም፣ ስለ እፍረት፣ ስለ ገበያ፣ ስለ ልብስ፣ ስለ ስፖርት ሳይቀር ይጠይቃል። አንድ ምሽት ከአክስቴ ጋር ሞከርነው።

‹‹ቆዳዎ ስፖርት ከመሥራት አግዶዎታል ወይ?››

‹‹ውኃ መቅዳት ስፖርት ነው?›› ብለው ሳቁ።

‹‹ባለፈው ሳምንት በእግርዎ ምክንያት አፍረዋል?››

ሳቁ ቆመ። ‹‹ባለፈው ሳምንት እንኳ አላፈርሁም›› አሉ። ‹‹ያፈርሁስ ያንተ ሰርግ ለት ነው።››

እውነት አላቸው። ያን ዕለት እንግዳ እንዳያያቸው ጓዳ ተቀምጠው ዋሉ። ‹‹እግራቸውን እንዳይደክማቸው ነው›› ተባለ። እኔም ምክንያቱን አውቅ ነበር፤ ዝም አልሁ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አላውቅም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ፣ አስተማሪ ነበርሁ፤ መጠየቅ እችል ነበር።

መጠይቁ የሚጠይቀው ያለፈውን ሳምንት ነው። ሕክምናን ለመመዘን ይበቃል። የእኔ ዕዳ ግን ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶታል።

በመጪው ጥር ልጄን እድራለሁ። ለአክስቴ ፊት ለፊት፣ ከእናቴ ጎን ወንበር ይዤላቸዋለሁ። እመጣለሁ ወይም አልመጣም ግን እስካሁን አላሉኝም።