መጀመሪያ ፍሬኑ

ጋራዤ ውስጥ ያለውን ቀይ ሞተር ሳይክል ፎቶ ከለጠፍኩ ወዲህ ስንቱ ሰው «መቼ ነው የሚነሳው?» እያለ ይጠይቀኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል። መልሱ ግን ረዘም ስለሚል እዚሁ ልጻፈው።

ሞተሩ ሆንዳ ሲቢአር 600 ኤፍ 3 ነው፣ የ1997 ስሪት። ሆንዳ ኤፍ 3ን የሠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1995 እስከ 1998 ነው። 599 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ወደ 100 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት፤ ሲጋልብ በደቂቃ ከ12 ሺህ ዙር በላይ ይዞራል። ነዳጁን የሚመጥኑለት አራት ካርቡሬተሮች ናቸው። የምወደውም ለዚህ ነው፤ ሥራው ሁሉ በዓይን ይታያል፣ በእጅ ይዳሰሳል።

እኔ ባለሁበት ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ሞተር ማግኘት ከባድ አይደለም። ከቤት ጀርባ ሸራ ለብሶ የቆመ ሞልቷል። ባለቤቱ ልጅ ሲወልድ፣ ወይም አንዴ ወድቆ ሲደነግጥ ያቆመዋል። «ሰመር ሲገባ እነዳዋለሁ» እንዳለ ዓመታት ያልፋሉ። የእኔን የሸጠልኝ ሰውዬ ቁልፉን ከመስጠቱ በፊት አንዴ ዞር ዞር ብሎ አየው። ምንም አላለም፤ እኔም አልጠየቅሁትም።

ጋራዥ ወስደህ አሠራው ብላችሁ ለምትመክሩኝ፣ እዚህ አገር ብዙ ጋራዦች ያረጀ ሞተር ሳይክል አይቀበሉም። ቢቀበሉም የሰዓት ክፍያው ቶሎ ከሞተሩ ዋጋ ይበልጣል። በሒሳብ ካየነው መጣሉ ያዋጣል። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ግን ይህ ሒሳብ አይዋጥም። ላዳ ታክሲ ስንት ዓመት እንዳገለገለን እናውቃለን። ሶማሌ ተራ ከአንዱ መኪና የተፈታው ዕቃ ሌላውን ሲያስነሳ አይተን አድገናል።

የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ያግዘኛል። ገና ከመጀመሪያው ቀን «አጎቴ፣ ባትሪ እንግጠምለትና ድምፁን እንስማ» አለኝ። «ፍሬኑ ሲይዝ» አልኩት። ቅር አለው። የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነገር ግን ይኸው ነው። ድምፁን የሰማ ሰው መታገሥ ያቅተዋል። «እስከ ማዞሪያው ብቻ» ብሎ ይወጣል፤ ፍሬኑ ደግሞ ዓመታት ሙሉ ማንም አልነካውም።

የፍሬን ዘይት ውኃ ይስባል። ክዳኑ ቢዘጋም በጎማው ቱቦ በኩል ቀስ እያለ እርጥበት ይገባዋል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቻል አለበት፤ ውኃ ሲጠጣ የሚጠበቅበት ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይታመቃል፤ እጀታውን ስትጨብጠው ምንም ሳይዝ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። እኛ የከፈትነው ዘይት ቡና መስሎ ነበር።

ካሊፐሩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ጎሚኒ አለች። ፍሬን ሲያዝ ፒስተኑ ወደ ፊት ሲገፋ እሷም አብራ ትለጠጣለች። ሲለቀቅ ወደ ቅርጿ ስትመለስ ፒስተኑን መልሳ የምትስበው እሷው ናት፤ ሌላ ሞላ የለውም። የተቀመጠችበት ቦይ ውስጥ ዝገትና ነጭ ዱቄት ከተጠራቀመ ግን ፒስተኑን አንቃ ትይዘዋለች፣ የፍሬኑ ሸራም ከዲስኩ አይላቀቅም። ስለዚህ ፒስተኖቹን አውጥተን ቦዩን እስኪጠራ ፍቀን፣ ጎሚኒዎቹን በሙሉ በአዲስ ተካን። ልጁ ይህችን ጎሚኒ በጣቶቹ መሀል እያገላበጠ ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ድምፁ አልጠየቀኝም።

ጎማው ሌላ ወጥመድ ነው። ጥርሱ ጥልቅ ስለሆነ «አዲስ ነው» ብለው ይሸጡላችኋል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ምልክት በኋላ ያሉትን የመጨረሻ አራት አኃዞች ተመልከቱ፤ 2309 ካለ በፈረንጆቹ 2009 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። የደረቀ ጎማ አስፋልት አይጨብጥም። ስፖርት ሞተር ደግሞ ወደ ጎን ተጋድሞ ነው የሚታጠፈው፤ ሰውየውን መሬት ላይ የያዘው ከመዳፍ የማይሰፋ ጎማ ነው። ያለ ክርክር ቀይሩት።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ሞተሩ የሄድነው። ካንዴላዎቹን ፈትተን በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገን አሳደርነው፤ በማግሥቱ ዘንጉን በመፍቻ፣ በእጅ፣ ቀስ ብለን አዞርነው። በደረቀ ሲሊንደር ላይ በባትሪ ጉልበት ማዞር ግድግዳውን ይቧጭራል። በእጅ ስታዞሩት ግን የሚያግድ ነገር ካለ ይሰማችኋል።

እዚህ የሚሸጠው ቤንዚን አብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት፤ ኢታኖልም ውኃ ይስባል። ቆሞ ሲከርም ሰልባቲዮው ይዝጋል፣ ካርቡሬተር ውስጥ የቀረውም ነዳጅ ደርቆ እንደ ሙጫ ይጣበቃል። ሞተሩ ያለ ጋዝ ሲዞር ነዳጅ የምታሳልፈው ቀዳዳ ስፋቷ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። በሽቦ አትውጓት፤ ትሰፋለች፣ ከዚያ ወዲያ ልኩን አታገኙትም። ማጽጃ ፈሳሽና የታመቀ አየር ይበቃታል። ሌላም ልንገራችሁ፦ የጃፓን ካርቡሬተር ላይ ያሉት ባለ መስቀል ብሎኖች የተለመደውን መስቀለኛ ካቻቢቴ የሚቀበሉ ይመስላሉ፤ ግን ቅርጻቸው ይለያል። ለጃፓን ልክ የተሠራ ካቻቢቴ ግዙ፤ አለዚያ ጭንቅላታቸውን ትበሉታላችሁ።

ተነሳ። አዎ፣ ተነስቷል። ባትሪ የሚሞላበትንም መስመር ለካን፤ በዚያ ዘመን ሆንዳዎች ላይ የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው በመቃጠል ይታወቃልና። ከ14 ቮልት ትንሽ ከፍ አለ፤ ጤነኛ ነው።

ገንዘብ ለማትረፍ ይህን ሥራ አትጀምሩ። ዕቃው ብቻ ከሞተሩ የገበያ ዋጋ ይበልጣል። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ቀኑን ሙሉ የምንሠራው ሥራ አብዛኛው ጉድለቱ ሌላ ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ብዙ ጊዜም ማን እንዳጎደለ አይታወቅም። የፊት ጎማውን አክስል ያጠበቅሁት እኔ ነኝ፤ ላዩ ላይ የምቀመጠውም እኔ ነኝ። «ይበቃል» ለማለት እጄ ሲከብደኝ ደስ ይለኛል። የእህቴ ልጅም ሳላዘው መመሪያውን ከፍቶ የእያንዳንዱን ብሎን የማጥበቂያ ልክ ያነብልኛል፤ ያጠበቅሁትንም መልሶ ራሱ ይፈትሻል። ያላመነኝ መስሎኝ አልከፋኝም፤ እንዲያውም ኮራሁበት።

አሁን የቀረን የቫልቮቹን ክፍተት መለካትና የኋላው አሞርዛተር ነው። ዘይት ያፈሳል፤ አዲሱ ውድ ስለሆነ ማሳደስ እፈልጋለሁ። በዚህ አካባቢ በደንብ የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ።