ስድስት ሰዓት ወደ ቀኝ

የሒሳብ መምህራን በጠመኔ የሚሠሯት አንዲት ዘዴ አለች። ጠመኔውን እንደ ወትሮው ጎትተው አያሰምሩም፤ ጫፉን ቀና አድርገው ሰሌዳው ላይ ይገፉታል፣ እሱም ትርርር እያለ እየዘለለ ከላይ እስከ ታች ቀጥ ያለ የነጠብጣብ መስመር ይዘረጋል። የኋላ ወንበር ላይ ያንቀላፋው ተማሪ ሳይቀር በዚያ ድምፅ ይነቃል፤ ከዚያ ወዲያ ትምህርቱን ትቶ ያቺኑ ዘዴ ሲለማመድ ይከርማል። መስመሯ አሲምፕቶት ትባላለች፤ የታንጀንት ግራፍ ሽቅብ እየተምዘገዘገ የሚጠጋት፣ ግን የማይነካት ድንበር ናት። ደብተር ገልጦ ላየ ሰው የተማሪው ጠባይ እዚህችው ቦታ ላይ ይታወቃል። አንዱ ኩርባውን አጠገቧ አድርሶ ጫፉ ላይ ቀስት ይስላል፤ አንዱ ቸኩሎ ያላትመዋል፤ ሌላው ደግሞ ገና ከሩቁ ፈርቶ ያቆመዋል።

ካልኩሌተር በእጁ ያለ ይሞክረው። የ89 ዲግሪ ታንጀንት 57.29 ነው። 89.9 ሲሉት 572.96፣ 89.99 ሲሉት 5729.58 ይሆናል፤ አሃዞቹ ከሞላ ጎደል እነዚያው ሆነው ነጥቧ ብቻ ወደ ቀኝ ትሸሻለች። ልክ 90 ሲሉት ግን መሣሪያው ቁጥር መስጠቱን ትቶ «ስህተት» ይላል። እኔ ይህን መልስ እወድለታለሁ፤ የሌለውን ቆጥሮ ከማሳሳት «የለም» ብሎ ማረፍ ይሻላል።

ሳይን እንዲህ ያለ ጣጣ የለበትም። ከ1 በላይ አይወጣም፣ ከኔጌቲቭ 1 በታች አይወርድም። በ2 ቢያበዙት ቁመቱ ይጨምራል፤ ቅንፉ ውስጥ ያለውን ቢያበዙት ማዕበሎቹ ይጠጋጋሉ። ይህን ሁሉ ተማሪው ሳያጉረመርም ይቀበላል። የሚያጉረመርመው ኤክስ ላይ 6 ሲቀነስ ግራፉ ወደ ቀኝ ሄደ የተባለ ጊዜ ነው። መቀነስ ወደ ግራ ነው ብለው አሳድገውት፣ አሁን ደግሞ በተቃራኒው ይነግሩታል!

የሚገርመው ይኸው ተማሪ ከክፍል ወጥቶ ስልኩን ሲያነሳ ነገሩን አሳምሮ ያውቀዋል። «ቀጠሮው ጠዋት 8 ሰዓት ነው» ሲሉት «በሀበሻ ነው በፈረንጅ?» ይላል፤ «በፈረንጅ» ከተባለ ፊቱን እንኳ ሳያኮሳትር 6 ቀንሶ 2 ሰዓት ላይ ይደርሳል። እኛ ቀኑን የምንጀምረው ከንጋት ነው። ስለዚህ የፀሐይን አወጣጥ በሳይን ብንስለው በዜሮ ትነሣለች፣ በ6 አናት ላይ ትወጣለች፣ በ12 ትጠልቃለች። ያንኑ ስዕል ከእኩለ ሌሊት ለሚቆጥር ሰው ለማሳየት ከእሱ ሰዓት ላይ 6 መቀነስ ግድ ይላል፤ በእሱ ወረቀት ላይ ደግሞ ፀሐይ የምትነሣው በ6 ነው፣ ማለትም ስድስት ሰዓት ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብላ። ፀሐይቱ ያው ናት፤ የቆጠራው መነሻ ነው ወደ ኋላ የቀረው። ከ24 ሰዓት 6 ሰዓት ሩብ ነው፣ የክብ ሩብም 90 ዲግሪ ነው፤ በሳይንና በኮሳይን መካከል ያለው ርቀትም ይኸው 90 ዲግሪ ነው።

ዋሽንግተን ዘመድ ያለውማ ሁለት መሸጋሸግ ይዞ ነው የሚኖረው። ሰዓታቸውን ወደ ፊት በሚገፉባቸው ወራት ከአዲስ አበባ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ ከዚህ ላይ የኛ 6 ሲነሣ የሰዓቶቹ ፊት የሚለያየው በ1 ብቻ ነው። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ስንል እዚያ በነሱ አቆጣጠር ከቀኑ 1 ሰዓት ይላል፤ ለምሳ የተቀመጠና ለእራት የተቀመጠ ሰው ተቀራራቢ ቁጥር እየጠሩ ያወራሉ።

ወደ ነጠብጣቧ መስመር ልመለስ። ድሮ ሰዓት በጥላ፣ ጥላም በጫማ ይለካ ነበር፤ በግዕዝ የብራና መጻሕፍት ውስጥ የየወሩን ጥላ በጫማ የሚያሳይ ሠንጠረዥ ይገኛል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የባግዳድ ሊቃውንትም ዛሬ ኮታንጀንት የምንለውን፣ የታንጀንትን ተገላቢጦሽ፣ ሲያሰሉ ሠንጠረዡን የጥላ ሠንጠረዥ አድርገው ነው የሠሩት። የራሱን ጥላ የሚለካ ሰው አንድ ችግር አለበት፦ ሲራመድ ጥላውም አብሮት ይራመዳል። ስለዚህ መጀመሪያ የጥላው ራስ ያረፈበት ላይ ድንጋይ ያስቀምጣል፤ ከዚያ ከቆመበት ተነሥቶ ተረከዙን ከጣቱ እያጋጠመ ይሰፍራል።

ቁመቱ በራሱ ጫማ 7 የሆነ ሰው፣ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ በምታልፍበት ቀን፣ ከወጣች 1 ሰዓት ሲሞላ 26 ጫማ ያህል ጥላ አለው። በ2 ሰዓት 12፣ በ3 ሰዓት 7፣ በ4 ሰዓት 4፣ በ5 ሰዓት 2፣ በ6 ሰዓት ምንም። ከዚያ በኋላ የጥላው ግራፍ ከዜሮ በታች ይገባል። ከዜሮ ያነሰ ጥላ ምን ዓይነት ነው ቢሉ፣ ያው ጥላ ነው፤ ጠዋት ወደ ምዕራብ የተኛው አሁን ወደ ምሥራቅ መዞሩ ነው። ወደ ንጋቱ ስንመለስ ደግሞ፣ ፀሐይ ከወጣች በ4 ደቂቃ ጥላው 400 ጫማ ይሆናል፣ በ1 ደቂቃ 1600። በምትወጣባት ቅጽበት ግን ቁጥር የለውም። ነጠብጣቧ መስመር እዚያ ናት፤ ሌላዋ ደግሞ ማታ በ12 ሰዓት ላይ ቆማለች። እኛ የጎረቤት ፎቅ እየከለለን አናያቸውም እንጂ ቀኑን የምንውለው በሁለቱ መካከል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ በቀጥታ አናት ላይ የምታልፈው ሚያዝያ 5 አካባቢ ነው፤ ነሐሴ 24 አካባቢም ትደግመዋለች፣ የነሐሴን ደመና ግን ማን ያምናል። ሰዓቱም ልክ 6 ሳይሆን 6 ከ25 ግድም ነው፤ የአገሩ ሰዓት የተቆረጠው ለ45 ዲግሪ ኬንትሮስ ሆኖ ከተማዋ 39 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ እዚህም ትንሽ መሸጋሸግ አለ። እንግዲህ ሚያዝያ ሲገባ 3 ሰዓት ከ25 ላይ አንድ ዱላ ግቢያችሁ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ጥላው የዱላውን ያህል ሆኖ ታገኙታላችሁ። 6 ከ25 ላይ ተመለሱ፤ የሚለካ አይኖርም።