የቻይናውያን የማለዳ ቁርስ

ቻይናውያን በማለዳ በየመንገዱ ዳር ከሚመገቡት ቁርስ አንዱ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተትና በዘይት የተጠበሰ ረጅም ሊጥ ነው፤ ሊጡንም «ዮውትያው» ይሉታል። ሁለት ቁራጭ ሊጥ ተደራርቦ መካከሉ በቀጭን እንጨት ይጫናል። አፈ ታሪካቸው እንደሚለው፣ ሁለቱ ቁራጮች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1142 ዓ.ም. የጦር አለቃውን ዩዌ ፌይን ያስገደሉት ቺን ሁዊና ሚስቱ ናቸው፤ ሕዝቡም ተቆጥቶ በሊጥ አስመስሎ በፈላ ዘይት ጠበሳቸው።

እኔ ይህን ቁርስ በቤቴ ለልጆቼ ሳዘጋጅ ከሁሉ ይልቅ የምጠነቀቀው ለወተቱ ነው። አኩሪ አተሩ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ከውኃ ጋር ተፈጭቶም በስስ ጨርቅ ይጠለላል። በእሳት ላይ ሲጣድ ገና ሳይበስል አረፋው ገንፍሎ የፈላ ይመስላል። ጥሬው ግን ሆድ ያውካል፤ ያስመልሳልም። ስለዚህ አረፋው ከወረደ በኋላ በዝግታ እሳት 10 ደቂቃ ያህል እያማሰልሁ አፈላዋለሁ። ልጆቼ ቢቸኩሉም አልሰማቸውም፤ የገነፈለ ሁሉ የበሰለ አይደለምና።