የጠራ ሁሉ ንጹሕ ነውን?

«ይኼ ውኃ ይጠጣል ወይ?» ተብለን ስንጠየቅ አብዛኞቻችን ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥተን እናያለን። ከጠራ እንጠጣለን፤ ከተጠራጠርን አፍልተን እንጠጣለን። ነገ ክፍል ገብተን የምናስተምረውም ይኸንኑ ነው። ማፍላት ጀርም እንደሚገድል አያከራክርም። ይሁን እንጂ ከኢንዱስትሪ የሚመጣ መርዝ ሁሉ እሳት አይፈራም። እርሳስና ክሮም ውኃው ሲፈላ አይጠፉም፤ እንዲያውም ውኃው እየተነነ ሲሄድ በቀረው ውስጥ ይበረታሉ። ክሎሪንም አያወጣቸውም። (እርሳስ ስንል የምንጽፍበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው።)

ለመሆኑ ይህ ጉዳይ የመርካቶን ነዋሪ በምን ይነካዋል? ከመካከላችን አዲስ ከተማ ተወልደን ያደግን ስላለን የሰፈሩን ኑሮ እናውቀዋለን። የአዲስ አበባ የቧንቧ ውኃ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች እንዲሁም ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ይመጣል። በፈረቃ ስለሚደርስ ግን ቤተሰቡ ሁሉ ያጠራቅማል። ማጠራቀሚያው ደግሞ በርሜልና ጀሪካን ነው።

ምናለሽ ተራ የተጣለ ዕቃ ተቀጥቅጦና ታጥቦ እንደገና ለአገልግሎት የሚበቃበት የሙያ ሰፈር ነው። የስንቱን ጓዳ እንደሞላ ስለምናውቅ ሙያውን አናንቋሽሽም። ዳሩ ግን ጀሪካኑ ትናንት የያዘው የምግብ ዘይት ነው ወይስ ኬሚካል? አንድ ቀን አንዲት ነጋዴ እናትን «እማማ፣ ይኼ ምን ነበረበት?» ብለን ጠየቅናቸው። «እኔ ምን አውቄ ልጆቼ! በኦሞ ታጥቧል እኮ» አሉን። እሳቸው የሚችሉትን አድርገዋል። ነገር ግን ፕላስቲክ አንዳንድ ኬሚካሎችን ወደ ውስጡ ይመጣል፤ ሳሙና የሚያጥበው ላዩን ብቻ ነው። የፀረ ተባይ ዕቃ ለምግብና ለውኃ ፈጽሞ አይዋል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

ውኃ ከምንጩ ርቆም እንደሚበከል ሌላው ዓለም አይቶታል። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የፍሊንት ከተማ የውኃ ምንጯን ወደ ወንዝ ስትለውጥ፣ ቧንቧን ከመበላት የሚጠብቀው ማከሚያ ሳይጨመር ቀረ። ከአሮጌ ቧንቧዎች የተሸረሸረው እርሳስም እስከ ሕፃናት ደም ደረሰ። በእኛም ከተማ ትንሹ አቃቂ የቆዳና የሌሎች ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተሸክሞ አባ ሳሙኤል ይገባል። በአቃቂ ወንዞች ዳር በመስኖ በለማ ጎመንና ሰላጣ ውስጥ ተመራማሪዎች ከባድ ብረቶች አግኝተዋል።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? በዓይን፣ በምላስና በአፍንጫ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውኃ ውስጥ እርሳስ ከ0.01፣ ክሮም ከ0.05 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢሆን የእርሳሱ ድርሻ 0.2 ሚሊ ግራም ብቻ ነው፤ ከአንድ የስኳር ቅንጣት አይበልጥም! የትምህርት ቤታችን ሊትመስ ወረቀት አሲድና ቤዝ ይለያል እንጂ ይህን አያይም። ይህን የሚለካው የላቦራቶሪ መሣሪያ ነው።

ናሙና አወሳሰዱም ዕውቀት ይጠይቃል። እርሳስን ለመፈለግ ሌሊቱን በቧንቧ ውስጥ ያደረው የመጀመሪያ ውኃ በአንድ ንጹሕ ጠርሙስ፣ ለጥቂት ደቂቃ ከፈሰሰ በኋላ ያለው በሌላ ይወሰዳል። ከጀሪካኑ ደግሞ ለብቻው ይቀዳል። በየጠርሙሱ ላይ ቦታ፣ ቀንና ሰዓት ይጻፋል። ሦስቱ ሲነጻጸሩ ጥፋቱ ከምንጩ፣ ከቧንቧው ወይስ ከዕቃው መሆኑ ሊለይ ይችላል።

ጉዳዩ ለመምህር ከማንም በላይ ይከብዳል። እርሳስ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ትኩረታቸውንና ትምህርት የመቀበል ችሎታቸውን ይቀንሳል። ምንም ጉዳት የለውም የሚባል መጠን እስካሁን አልታወቀም። እኛ «ሰነፍ» ብለን ኋላ ወንበር የምናስቀምጠው ልጅ ምን እየጠጣ እንዳደገ ጠይቀን እናውቃለን?

ስለዚህ የምንመደብበት ትምህርት ቤት ሁሉ የውኃው ምርመራ ውጤት በቁጥር ተጽፎ እንዲለጠፍ እንጠይቅ። ታሪኩ ያልታወቀ ጀሪካን ለውኃ እንዳይገዛ ለወላጆች እንንገር፤ ለእህልና ለከሰል ግን አይሁን አንልም ብለን አንሸንግላቸው፤ ከሰል ይያዝበት፣ እህል ግን አይግባበት። «አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለውንም ትምህርት አንተው፤ ማፍላት የማይችለውን ግን አብረን እናስተምር።