ስለዚያ የቢራ ፎቶ

ወገኖቼ፣ ሰሞኑን ከካምፓላ፣ ካባላጋላ ሰፈር የለጠፍኩትን ፎቶ አይታችሁ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ጽፋችሁልኛል። «ተመችቶሃል ማለት ነው!» ያላችሁኝ ዘመዶችም አላችሁ። ለሁላችሁም እዚሁ ልመልስ።

እዚህ ዝናብ በዓመት ሁለቴ ነው፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያም ከመስከረም እስከ ኅዳር። ማታ ሲዘንብ ሰው ከቤቱ አይወጣም። አንድ ምግብ ቤት ታዲያ ደንበኛ ለመሳብ ብሎ የቢራና የሚሽካኪ ፌስቲቫል አዘጋጀ። ሚሽካኪ በእንጨት ተሰክቶ ከሰል ላይ የሚጠበስ ሥጋ ነው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባል የለ? እኛም አራት ሆነን፣ አዋጥተን ሄድን።

ፎቶው ላይ የሚታየው ሁለት ቢራ ለአራት ሰው ነው። የማይታየው ደግሞ ይኼ ነው፦ ከመካከላችን አንዱ የጥገኝነት ማመልከቻው ውድቅ ከተደረገ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ነው የከረመው። ስልክ እንኳ አያነሳም ነበር። ያን ማታ ቆርቆሮው በዝናብ ሲንጫጫ፣ ጭሱ ዓይናችንን ሲያቃጥለን፣ ልጁ ሳቀ። ለሦስታችን ድግሱ እሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኡጋንዳ የስደተኞች ሕግ ስደተኛ እንዲሠራና እንዲዘዋወር ይፈቅዳል። መፈቀድና ማግኘት ግን ለየቅል ናቸው። እኔ የሁለተኛ ደረጃ መምህሩ ዛሬም የምኖረው የሰው ልጅ ቤት ለቤት እያስጠናሁ ነው።

ዘመዶቼ፣ ስንስቅ ስታዩ ተርፎን አይምሰላችሁ። ስደተኛ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም ሰው ምን ይለኛል ብላችሁ ደስታችሁን አትደብቁ። በሩን የዘጋ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ሄዳችሁ አንኳኩ።